እግዚአብሔር ስለ ምን ሰውን ወደ ሰው ይልካል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ለሰው ልጆች መልእክተኛ የሚልክ አምላክ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እየተማርን ያደግን ስለ ሆነ ነገሩ ለብዙዎቻችን ጥያቄ ሆኖ አይታየንም። ሙሴን ላከ፥ ኤልያስን ላከ፥ ዮናስን ላከ እንላለን፤ እናልፋለንም። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ማታ ማታ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ይህንኑ የሚነካ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ያለውን እንዳለ ላስቀምጠው፤ «እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ከሆነ፥ የልቤንም ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ፥ ለእኔ የሚለውን ለምን ለእኔው አይነግረኝም? እንደ እኔ የሚደክም፥ እንደ እኔ የሚሳሳት ሰው በመካከል ማስገባት ምን አስፈለገው?» ይላል። ይህ ልጅ ለመዝለፍ የሚጠይቅ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት እናቱን ቀብሮ የተመለሰ፥ ሌሊት ተነሥቶ ሲጸልይ ያየሁት ልጅ ነው። ስለዚህ በሁለት ቃል መልሶ ዝም ማሰኘት የሚገባ አይመስለኝም።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በግእዝ «ለአከ» ማለት ላከ ማለት ነው፤ መልአክ፥ መልእክት፥ ልኡክ፥ ተልእኮ የምንላቸው ሁሉ ከዚሁ ግሥ የተገኙ ናቸው። «ሐዋርያ»ም «ሖረ»፥ ሄደ ከሚለው የወጣ ሲሆን ሂያጅ ማለት ነው። እንግዲህ መልእክተኛ ለብቻው የሚቆም ሰው አይደለም፤ ከበስተኋላው ላኪ፥ ከፊቱ ተቀባይ አለ። በአገራችንም ልጅ የሚያጭ ሰው ራሱ በር አንኳኩቶ ልጅህን ስጠኝ አይልም፤ ሽማግሌ ይልካል። የተጣላም ሰው እንዲሁ ያደርጋል። ሽማግሌ የሚላከው ላኪው አፍ ስለሌለው ሳይሆን ተቀባዩን ስለሚያከብርና አስቦ እንዲመልስ ጊዜ ስለሚሰጠው ነው። ሽማግሌን እሺም እንቢም ማለት ይቻላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ግን እግዚአብሔር ለሕዝብ ሁሉ በግልጥ የተናገረበት ቀን አለ። በደብረ ሲና ሕዝቡ ነጐድጓዱንና መብረቁን፥ የመለከቱን ድምፅና የሚጤሰውን ተራራ ባዩ ጊዜ ተንቀጥቅጠው ርቀው ቆሙ፤ እግዚአብሔር ራሱ ከሚናገራቸው ይልቅ ሙሴ ሰምቶ እንዲነግራቸው ለመኑ፥ አለዚያ የሚሞቱ መስሎአቸው ነበርና (ዘጸ. 20፥18-19)። እግዚአብሔርም ልመናቸውን አልነቀፈም፤ መልካም መናገራቸውን መስክሮ ከወንድሞቻቸው መካከል ነቢይ እንደሚያስነሣላቸው ተስፋ ሰጠ (ዘዳ. 18፥15-18)። ስለዚህ መልእክተኛን ፈልጎ የለመነ ሰውም ነው። ጓደኛዬ የሚመኘው ነገር አንድ ጊዜ ተደርጎ ነበር፤ የሰማው ሕዝብ ግን ሁለተኛ እንዲደገምለት አልፈለገም። ከዚህም በላይ የሚያሳዝነው፥ ያን ድምፅ በጆሮው የሰማ ሕዝብ ሙሴ በተራራው ላይ አርባ ቀን ቢቆይበት የወርቅ ጥጃ ሠርቶ ተገኘ። ድምፁን መስማት ብቻውን ልብን አላጸናም።

ይሁን እንጂ ፍርሃት ብቻውን ምክንያት ነው ብንል አይበቃም። እግዚአብሔር ሳያስፈራ መናገር ይችላልና። ብላቴናውን ሳሙኤልን በሌሊት በስሙ ጠርቶታል፤ ለኤልያስም በነፋሱና በእሳቱ ሳይሆን በለዘበ ድምፅ ተገልጦለታል። ታዲያ ለሁሉ እንዲሁ ለምን አያደርግም? እኔ የተሻለውን መልስ ያገኘሁት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8፥ 9 እና 10 ላይ ነው። ሦስቱን ምዕራፎች በአንድ መቀመጫ ያነበበ ሰው አንድ ያልተለመደ ነገር ሳያስተውል አይቀርም።

ከመጨረሻው ልጀምር። ቆርኔሌዎስ በቂሣርያ የሚኖር የመቶ አለቃ ነው፤ አሕዛባዊ ሲሆን የሚጸልይና የሚመጸውት ነበር። በዘጠኝ ሰዓት፥ ይኸውም በጸሎት ሰዓት፥ የእግዚአብሔር መልአክ ወደ ቤቱ ገባ። መልአኩ ምን ነገረው? ወንጌልን አልነገረውም! ሰዎችን ወደ ኢዮጴ እንዲልክ፥ በባሕር አጠገብ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት የሚያርፈውን ጴጥሮስን እንዲያስጠራ ነገረው እንጂ። ከቂሣርያ እስከ ኢዮጴ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ነው። መልአኩ እዚያው ቆሞ ሳለ፥ የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ በአንድ ጊዜ ሊነግረው ሲችል፥ የቤቱን አድራሻ ብቻ ሰጥቶት ሄደ። ሳውልንም በደማስቆ መንገድ ላይ ያነጋገረው ጌታችን ራሱ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ተናጋሪ የለም። እርሱም ቢሆን ምን ማድረግ እንደሚገባው በከተማው ውስጥ እንደሚነገረው ገልጦ ወደ ሐናንያ እጅ መራው። ለጃንደረባው ደግሞ መልአኩ የታየው ለእርሱ አይደለም፤ ሊቀርበው ለሚገባው ለፊልጶስ ነው።

በጃንደረባው ነገር ጥቂት እንቆይ፥ የእኛም ነገር ነውና። የንግሥት ህንደኬ ባለሙዋል፥ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ፥ በእኛ ትውፊት ባኮስ የሚባለው ኢትዮጵያዊ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ደርሶ ይመለስ ነበር። የመጣበት መንገድ የስንት ሳምንት መንገድ እንደሚሆን ካርታ አውጥታችሁ ተመልከቱ። በኦሪት ሕግ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም (ዘዳ. 23፥1)፤ ስለዚህ ያን ያህል ተጕዞ ወደ ውስጥ የማይገባበት ደጅ እንደ ነበረ እናስባለን። ፊልጶስ በበኩሉ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ሲሆን በሰማርያ ለብዙ ሕዝብ እያስተማረ፥ ድውይ እየፈወሰ ነበር። መልአኩ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ጋዛ በሚያወርደው ምድረ በዳ መንገድ ላከው። ለምን እንደሚሄድ አልነገረውም። ሥራ አዋቂ የሆነ ሰው ቢጠየቅ ብዙውን ትቶ ወደ አንድ ሰው መሄድ ኪሳራ ነው ይል ነበር።

ሠረገላው ውስጥ የሚነበበው ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ነበረ። ጃንደረባው መጽሐፉ አለው፥ ማንበብም ያውቃል፥ ጊዜም አለው፤ የጎደለው ሰው ነበር። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ቢጠይቀው፥ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊቻለው እንደሚችል በግልጥ መለሰ። የመንግሥት ግምጃ ቤት ኀላፊ፥ አቧራ ለብሶ በእግሩ እየሮጠ ለመጣ መንገደኛ እንዲህ ብሎ መናገሩ፥ ከዚያም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ መለመኑ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያች ምዕራፍ ሦስት ምዕራፎች ዝቅ ቢሉ ደግሞ፥ እግዚአብሔር ለጃንደረቦች በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተስፋ የሰጠበት ቃል ይገኛል (ኢሳ. 56፥3-5)። ያን ቃል አብረው ደርሰው አንብበውት እንደ ሆነ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ጥቅልሉ በእጃቸው ሳለ አለፉት ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ከሦስቱ ታሪኮች የምረዳው ይህን ነው። እግዚአብሔር ሰውን ሲያድን ለብቻው አያድነውም፤ ከሌላ ሰው ጋር አያይዞ ያድነዋል። ሳውል ሁሉን ነገር በብርሃን ውስጥ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ፥ ሊያስራቸው ከመጣው ሰዎች አንዱን «ወንድሜ» ሲለው መስማት ባላስፈለገውም ነበር። ቆርኔሌዎስም ከመልአኩ ቢማር፥ ሮማዊና አይሁዳዊ በአንድ ጣራ ሥር ባልተቀመጡ። ጴጥሮስም ያን ጕዞ ባይሄድ ኖሮ ለሰው ፊት እንደማያደላ አምላክ ባልተናገረ፤ መልእክቱን የሚያደርሰውም ሰው ከመልእክቱ ይማራልና። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በዚሁ የቆመ ነው። ራሱን የሚያጠምቅ ሰው የለም። ካህኑ እንኳ የሌላውን ንስሐ ሲቀበል የራሱን ለሌላ ካህን ይነግራል እንጂ ራሱን አይፈታም። ጌታችንም በዮርዳኖስ ከዮሐንስ እጅ ሊጠመቅ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ሁለተኛም ነገር አለ። መልእክተኛ ደካማ መሆኑ ለተቀባዩ ነጻነት ይሰጠዋል። ሲናን ማንም ጕድጓድ ውስጥ ሊጥለው አይችልም፤ ኤርምያስን ግን ጥለውታል፥ ጭቃ ውስጥም ገብቷል (ኤር. 38፥6)። እግዚአብሔር ቃሉን ሊጣል በሚችል ሰው አፍ ማኖሩ ስለ ምን እንደ ሆነ ሳስብ፥ የግድ መታዘዝን ስላልወደደ ይመስለኛል። በናዝሬትም ቅዱስ ገብርኤል ወደ እመቤታችን ሲላክ ጥያቄዋን ሰምቶ መልስ ሰጣት፤ እሺታዋንም ሰምቶ ሄደ። በነገራችን ላይ ኤርምያስን ከዚያ ጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ንጉሡን ደፍሮ ተናገረ፤ ሠላሳ ሰዎች ይዞ ሄደ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ አስቀድሞ ጣለለት። ይህችን የጨርቅ ነገር መጽሐፉ ሳይተዋት መጻፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የአገራችን ክርስትናም የመጣው በተላከ ሰው ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ከጢሮስ ተነሥተው በቀይ ባሕር ሲጓዙ ጓደኞቻቸው ከተገደሉባቸው ሁለት ወጣቶች አንዱ ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት አደገ፤ ኋላም እስክንድርያ ወርዶ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ መለሰው፤ እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። መልእክተኛ ሊጠይቅ የሄደ ሰው መልእክተኛ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. እስኪሾሙ ድረስ፥ አቡን ባረፈ ቁጥር አባቶቻችን ከግብፅ የሚላከውን ሲጠብቁ ኖረዋል። አንዳንድ ጊዜ ብዙ ዓመት ጠብቀዋል።

«የላከኝ እግዚአብሔር ነው» የሚል ሁሉ ደግሞ የተላከ አይደለም። ዛሬ ስልካችንን ስንከፍት ነቢይ ነኝ የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ሥራ፥ ጋብቻ፥ ቪዛ ይሰጣል። በአክዓብም ዘመን አራት መቶ የሚያህሉ ነቢያት ውጣ ታሸንፋለህ ብለው በአንድ አፍ ተናግረዋል፤ አንዱማ የብረት ቀንድ ሠርቶ አሳይቷል። ሚክያስ ብቻውን ሌላ ተናገረ፥ ወደ ወህኒም ተላከ፤ ንጉሡ ግን ባልታሰበ ቀስት ሞተ (1ኛ ነገሥት 22)። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረኝ ኤርምያስ ከሐናንያ ጋር የተገናኘበት ነው። ይህ ሐናንያ ከደማስቆው ሐናንያ ሌላ ነው። የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል ብሎ በሕዝብ ፊት ሲናገር፥ ኤርምያስ በመጀመሪያ አሜን፥ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ ብሎ ተመኘለት (ኤር. 28)። የተናገረው ክፉ ቀን እንዲመጣ አይወድም ነበርና። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሲሰብርበትም አልተጣላም፥ መንገዱን ሄደ፤ ተቃውሞ የተናገረው ኋላ እግዚአብሔር በላከው ጊዜ ነው። እውነተኛ መልእክተኛ በሚናገረው ቍጣ ደስ አይለውም፤ ካልተላከም ዝም ማለት ያውቃል።

ይህን ሁሉ ስንል ጌታችንን ከመልእክተኞች እንደ አንዱ እንዳንቈጥር መጠንቀቅ ይገባል። በወይኑ ቦታ ምሳሌ ባለቤቱ በመጀመሪያ አገልጋዮቹን ላከ፤ ደበደቡአቸው፥ ገደሉአቸውም። በመጨረሻ ልጁን ላከ (ማቴ. 21፥33-39)። አብ ወልድን ላከ ስንል ከእርሱ ያነሰ መልእክተኛ ላከ ማለታችን አይደለም፤ ወልድ በመለኮቱ ከአብ ጋር አንድ ነውና፥ ላኪው ራሱ መጣ ማለት ነው። በሲና የፈራነውን ድምፅ በበረት ሕፃን ሆኖ አገኘነው። እርሱም ከትንሣኤው በኋላ ሐዋርያትን አብ እንደ ላከው እንዲሁ እንደሚልካቸው ነገራቸው፤ መላክ አልቀረም፥ ሰፋ እንጂ።

የሚቀረው ከባዱ ነገር በጸሎትና በመልእክተኛው መምጣት መካከል ያለው ጊዜ ነው። የቆርኔሌዎስ ሰዎች ጴጥሮስን ይዘው እስኪመለሱ ቀናት አልፈዋል። ጃንደረባው ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ፥ ሰግዶ፥ ሳያስተውል እየተመለሰ ነበር። ሳውል ቀጥተኛ በሚባለው ጎዳና፥ በይሁዳ ቤት፥ ሦስት ቀን ሳያይ፥ ሳይበላና ሳይጠጣ ተቀመጠ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን እንዳደረገ ጌታ ራሱ ለሐናንያ ሲነግረው እናገኛለን፤ ይጸልይ ነበር። ሐናንያ የሚባል ሰው ገብቶ እጁን ሲጭንበትም በራእይ አይቶ ነበር (የሐዋ. ሥራ 9፥11-12)። ሐናንያ ግን በዚያን ጊዜ ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ይህ ሰው በኢየሩሳሌም ያደረገውን ክፋት ለጌታ እየቈጠረ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።