ማን ያየው መልክ?

ስለ መልክ ሲወራ ቶሎ ከአፍ የሚወጣ ማጽናኛ አለ፤ «ዋናው የውስጥ ውበት ነው» ይባላል። ልብ ብሎ ለሰማው ግን ይህ የሚነገረው መልኩ ላልተመሰገነ ሰው ብቻ ነው፤ ቆንጆን እንዲህ ብሎ የሚያጽናና የለም። ስለዚህ ውስጡን ለጊዜው ልተወውና ከላይ፣ ከራስ ፀጉር ልጀምር።

ከወልድያ የሚወርደው አስፋልት ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሜዳ ሲገባ፣ በማሽላው መሀል የሚያጋጥም የራያ ጎረምሳ ጎፈሬ በችኮላ የተበጠረ አይደለም። በቅቤ ርሷል፣ በሚዶ ተነሥቷል፣ ሚዶውም እዚያው እንደ ጌጥ ተሰክቶ ቀርቷል። ሽርጡና ዱላው ሲጨመርበት ሰውየው ከሩቅ ይለያል። ይሁንና ይህን ሁሉ የደከመበት ሰው የገዛ ማጅራቱን በዓይኑ አያየውም። ልጃገረዷም እንዲሁ ናት። ሹሩባዋን የምትሠራት ሌላ ሴት ናት፤ እሷ አንገቷን ወደታዘዘችበት እያዘነበለች ረጅም ሰዓት ትቀመጣለች። ማማሯን የሠራላትም፣ ማማሯን የሚነግራትም ሌላ ሰው ነው። «ሰው ለራሱ ያለው ግምት ከውስጡ ይፈልቃል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይደናቀፋል። እዚህ ግምቱ የሚጀምረው ከጎረቤት እጅ ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ፣ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያሾልቅ ሰው ከኋላው ኮቴ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። ሰውየው እስከዚያ ድረስ የሚያይ ነበር፤ አሁን የሚታይ ሆነ። የሌላው ዓይን ነፃነቱን ቀምቶ እንደ ዕቃ አቆመው። ምሳሌው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ኮሪደር ላይ የተያዘ ሰው ምሳሌ ነው። ሹሩባዋን ተሠርታ የወጣችውን ልጅ የሰው ዓይን ምን ቀማት? ከመቀማቱ በፊት የሰጣት ነገር አለ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ በሚባለው ሰሞን በራያ ቆቦ ሶለል ይወጣል። ልጃገረዶች ተኩለውና ተሠርተው፣ በቡድን ሆነው ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። ቀኑ የመታየት ቀን ነው፤ እነሱም ያውቁታል። ነገር ግን የሚታዩት ዝም ብለው አይታዩም። የሰጣቸውን ያወድሳሉ፣ የቆጠበባቸውን በዘፈን ይሸነቁጣሉ። ተመልካቹም ተመልሶ ይታያል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መታየት በራሱ ሰውን አያዋርድም፤ የሚያዋርደው የሚያየው ሰው መልስ የማይጠብቅ እንደሆነ ነው።

ይህን ሐሳብ ጎፈሬው ላይ ልፈትነው። ከ1983 በኋላ በተሠመረው የአስተዳደር ወሰን ቆቦ በአማራ፣ አላማጣ በትግራይ ሥር ተመደቡ። አበጣጠሩ ግን ወሰኑን አልሰማም። የጎረምሳውን ራስ አይቶ በቤቱ አማርኛ ይነገር ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ መለየት አይቻልም፤ መጠየቅ ግድ ነው። ያው ጎረምሳ አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲቀጠር ያው ፀጉር «ባላገር» ያሰኘዋል፤ ከምንም በፊት ፀጉር ቤት የሚገባ አለ። ያው ፀጉር ደግሞ በዘፈን ክሊፕ ሲመጣ ይጨበጨብለታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ጎፈሬ ሲያሳድጉ የነፃነት ምልክት ሆኖ ዓለምን ዞሯል። ፀጉሩ ስላልተለወጠ ምክንያቱን ከፀጉሩ መፈለግ ከንቱ ነው። ቆቦ ላይ ያየው ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል፤ ከተማው ሳይጠይቀው ነው የመለሰለት።

ሙገሳም ከዚህ አያመልጥም። «የወሎ ቆንጆ» የሚለው አድናቆት አገሩን ሁሉ የሞላ ነው። ለአድናቂው ደግነት ይመስለዋል፤ መልኳ እንደማንኛዋም የሆነ የቆቦ ልጅ ግን ሳትበደር ባለዕዳ ትሆናለች። «ወሎዬ ነሽ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ትርጉሙን አይደብቅም። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የምትላከው ደግሞ ድምፅዋ ከመሰማቱ በፊት በሙሉ ቁመት ፎቶዋ ትመረጣለች።

ከሁሉ የከበደው ምሳሌ ከቆቦ ሜዳ ብዙም አይርቅም። ከአላማጣ የግራት ካሕሱን ዳገት ሲወጡ ኮረም አለ፤ በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ ከዚያ ያጠናቀረው ዘገባ፣ በሞሐመድ አሚን ካሜራ ከተቀረፀው ምስል ጋር፣ በቢቢሲ ተላለፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለረኃቡ ርዳታ የሚያሰባስበው የሙዚቃ ዝግጅት፣ ላይቭ ኤይድ፣ በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። በዚያ ምስል ምክንያት እህል መጥቷል፣ የተረፈ ነፍስ አለ፤ ይህን የሚንቅ ፍልስፍና ዋጋ የለውም። ሆኖም አገሩ በቁንጅና የሚያውቀውን ሕዝብ ዓለም በአጥንቱ አወቀው፤ አብዛኞቹ ፊቶች ስም አልነበራቸውም፤ ከዚያም በኋላ ውጭ አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ በትምህርት ቤት ግቢ ስለ ረኃብ ሲቀለድበት ኖሯል። ካሜራው ውሸት አላሳየም፤ የታየው ሰው መልስ የሚሰጥበት ቦታ ግን አልነበረውም።

እስካሁን የጎረቤትን ዓይን ያወደስኩ፣ የሩቁን ዓይን የከሰስኩ ይመስላል። ንቅሳት ይህን ያፈርሰዋል። በወሎም በሌላውም ሰሜን ስንት እናቶች ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ እንደ ማተብ የዞረ መስመር፣ የጠቆረ ድድ አላቸው። በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ጥላሸት ይገባበታል፤ እንቅርት ያወጣ አንገትም ለመድኃኒት ብሎ ይነቀስ ነበር። ብዙዎቹ የተነቀሱት ልጅ ሳሉ፣ ሰው ይዟቸው ነው። እንቢ ያለች «ማን ያገባሻል?» ትባላለች። ይህ የሩቅ ዓይን አይደለም፤ የእናትና የአክስት ዓይን ነው፤ ከእሱ ደግሞ መሸሻ የለም። እንግዲህ መለኪያው ቅርበት ሊሆን አይችልም። ፊት ለፊቷ ቆሞ መልስ የማይጠብቅ የገዛ ዘመድም አለ። ካሜራ ፊት የተቀመጠው ረኃብተኛና መርፌ ፊት የተያዘችው ልጅ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ስለ ገላቸው የጠየቃቸው የለም። ሶለልም ቢሆን ዘፋኟን እንጂ በር ላይ የቀረችውን አያወጣም። መልኳን አፍራ ያልወጣች ልጅ ካለች፣ ለእሷ የሚሸነቁጥላት የለም።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ንቅሳት በሌዘር የሚያጠፉ ክሊኒኮች አሉ። አንዳንዱ ሰው ይህን ባህል መካድ ይለዋል፤ ሌላው ነፃ መውጣት ይለዋል፤ ሁለቱም የሴትዮዋን ምክንያት ሳይሰሙ ነው። ሁለት እህትማማቾች እንበል፤ በአንድ ቀን የተነቀሱ፣ በአንድ ክሊኒክ የሚያስጠፉ። አንደኛዋ ሳትፈልግ የተጻፈባትን ራሷ መፋቅ ስለፈለገች ነው የመጣችው። ሁለተኛዋ ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ተወዳድራ ፊቷ ስላልተወደደ ነው። ለአንደኛዋ የምጨምርላት ነገር የለኝም፤ መልሷን ሰጥታለች። የሁለተኛዋ ቀጣሪ ግን ስለ ሥራው ምን ብሎ እንደጠየቃት፣ ጠይቋት ከሆነ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።