አልሙኒየም ቆዳውን ሳያወልቅ አይበየድም

ልጄ፣ ትናንት ያንን የአይሱዙ አልሙኒየም ራዲያተር ስትበይድ ደጅ ቆሜ አየሁህ። ሊዱ ኮባ ላይ እንዳረፈ ጠብታ እየተንከባለለ ሲወርድብህ እሳት ጨመርህ። እሳቱ ግን ምንም አልጎደለውም ነበር።

እኛ ያደግነው በመዳብ ራዲያተር ነው። ለመዳብ እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ሊድ ይበቃዋል። አልሙኒየም ግን አየር እንደነካው ለዓይን የማይታይ ቆዳ ይለብሳል። እሱ ራሱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ቆዳው ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እሳት ብታበዛበት ሆዱ ፈስሶ ቆዳው ይቀርልሃል። ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት ይናዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እሳቱን በጊዜ ያዘው።

ፍላክስ ያንን ቆዳ ማስወለቂያ ነው። መጀመሪያ ሊዱን ምረጥ፣ ከዚያ ለሊዱ ሙቀት የሚስማማውን ፍላክስ ፈልግለት። 91 እጅ ቆርቆሮና 9 እጅ ዚንክ ያለበት በ199 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለቀጭን ነገር እሱን እመርጣለሁ። የእሱ ፈሳሽ ፍላክስ ከ280 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ይከስልና ራሱ እድፍ ይሆናል። ዚንክ የበዛበት ሊድ ወደ 380 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጠንካራ ነው፣ ፍላክሱ ግን ጨዋማና በላተኛ ነው። 12 እጅ ሲሊከን ያለበት የአልሙኒየም ዘንግ በ577 ይቀልጣል። ከ660 ጋር ያለውን ርቀት ቁጠረውና እጅህ እስኪጠና ተወው።

ፍላክስ ያጣህ ቀን ዕቃውን አሙቀህ ሊዱን አቅልጥበት፣ ከዚያ በቀለጠው ሊድ ሥር በማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ፋቀው። ሊዱ ስለሸፈነው አየር አይደርስበትም፣ ቆዳውም ተመልሶ አይበቅልም። ብሩሹን ብረት አታስነካው።

ጨዋማውን ፍላክስ ከተጠቀምህ በሙቅ ውሃ ደጋግመህ እጠብ። በአንድ ክረምት ለነገሌ መንገደኛ የበየድሁትን ተቻኩዬ ሳላጥብ ሰጠሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ነጭ ዱቄት አብቅሎ፣ ተቦርቡሮ ተመለሰልኝ። የእኛ ቦሬ ደጋ ናት፤ ጉሙና ዝናቡ ለእንዲህ ያለ ጨው ምግቡ ነው። ጭሱም ሳንባ ይጎዳልና ደጅ ወጥተህ ሥራ።

ድስት ይዛ የምትመጣ እናት ካለች ግን በሊድ አትድፈንላት። ወጡ አልቆ እሳቱ ከቀጠለ 199 ዲግሪ ሩቅ አይደለም፤ ድፍኑ ይወልቃል። የአርጎን ብየዳ ያለበት ቤት ላካት፤ ገንዘቡ ይቅርብህ። እርሳስ ያለበትን ሊድ ደግሞ ለመዳቡ ራዲያተር ለይተህ አስቀምጥ፤ የምግብና የወተት ዕቃ አታስነካው።