ጨለማን መሻት ይገባልን?

በቋንቋችን ውስጥ ጨለማ መልካም ስም የለውም። ያልተማረውን ሰው «በጨለማ የሚኖር» እንለዋለን፤ መከራ የበዛበትን ጊዜ «የጨለማ ዘመን» ብለን እንጠራዋለን፤ የተንኰልንም ሥራ «በጨለማ የተሠራ» እንላለን። በአንጻሩ ዕውቀት ብርሃን ነው፤ ሰላም ብርሃን ነው፤ ተስፋም ብርሃን ነው። ይህ አነጋገር ከአባቶቻችን የወረስነው ስለ ሆነ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ጨለማን ፈልገው፥ ገንዘባቸውን አውጥተው፥ ድንኳናቸውን ተሸክመው ከከተማ የሚወጡ ሰዎች አሉ። እነዚህም ከዋክብትን መመልከት የሚወዱ ናቸው። ከእነርሱም ሥራ የተነሣ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይወለዳል፤ ይኸውም፥ ወገኑ ብርሃን ጐድሎት ሳለ ሰው ለራሱ ጨለማን ቢሻ ይገባዋልን? የሚል ነው።

ጥያቄው ለሚሰማው ሁሉ በመጀመሪያ ቀላል ይመስለዋል። አንዱ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ይስቃል፤ ሌላው «ሰው የወደደውን ቢያደርግ ምን ገዶን» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ሁለቱም መልሶች የችኰላ መልሶች ይመስሉናልና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ልንመረምረው ወደድን።

ከዋክብትን ለማየት በአንድነት ወጥቶ በሜዳ ማደር በውጭው ዓለም የቈየ ልማድ ነው። በአሜሪካ አገር በቬርሞንት፥ ስቴላፌን በሚባለው ኰረብታ ላይ፥ መነጽራቸውን በገዛ እጃቸው የሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ይሰበሰባሉ። በእንግሊዝ አገርም በኖርፎክ፥ ኬሊንግ ሂዝ በተባለው ስፍራ፥ በበልጋቸው ወራት ድንኳን ተክለው ያድራሉ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ የሰማይን ነገር የሚወዱ ወጣቶች በርክተዋል፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በተጋረደች ጊዜም ይህን ለማየት ወደ ላሊበላ የወጡ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጸው ወራት፥ ማለት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው ጊዜ፥ እህሉ ሲደርስ ገበሬው ሰብሉን ሊጠብቅ በማሳው ዳር፥ ነዶውንም ከከመረ በኋላ በዓውድማው ያድራል። እንግዲህ የመጀመሪያው የከዋክብት ተመልካች ይህ ሰው ነው ብንል አንሳሳትም። ሌሊቱ ምን ያህል እንደ ሄደ የሚያውቀው በከዋክብት ነውና። መጽሐፍንም ብንጠይቅ፥ መጽሐፈ ሄኖክ ምሉዕ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ቋንቋ ብቻ ሲሆን፥ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍሉ ስለ ፀሐይ፥ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ የሚናገር ነው። በዚያም ቀንና ሌሊት በዐሥራ ስምንት ክፍል ይከፈላሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ቀኑ ዐሥራ ሁለቱን ይወስድና ለሌሊቱ ስድስት ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜ ዘጠኝ ለዘጠኝ ይካፈላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሌሊቱ ይበልጣል። የጥንቱ ጸሐፊ ሌሊትን የቀን ጠላት አድርጎ አልቈጠረውም፤ የራሱ ድርሻ ያለው ወንድሙ አድርጎ ጻፈው እንጂ።

በመጸው ሌሊት የሚታየው ሰማይ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ የተለየ ነገር አለው። በኅዳር ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው ሴፌውስን፥ ካሲዮጵያንና አንድሮሜዳን ያያል። እነዚህም በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ፥ ንግሥቲቱና ልጃቸው ናቸው። ግሪኮች ኢትዮጵያ ያሉት ምድር ከዛሬው ወሰናችን ጋር አንድ ባይሆንም፥ ስሙ በሰማይ ተጽፎ ቀርቷል። ንግሥቲቱ በልጇ ውበት ስለ ታበየች ልጅቱ በዓለት ላይ ታስራ ለባሕር አውሬ ተሰጠች፤ በኋላም ፐርሴውስ ፈታት ይላል ተረቱ። በዚያው በአንድሮሜዳ ክፍል ያለ መነጽር የማትታይ አንዲት ኮከብ አለች። የዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ እንዲሰይም ዕድል በሰጠ ጊዜ፥ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ይህች ኮከብ «ቡና»፥ የምትዞራትም ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። የብርሃኗ ርቀት ከ190 የብርሃን ዓመት በላይ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ዓይናችን የሚቀበለው ጨረር ጉዞውን የጀመረው ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት በፊት ነው። ከእርሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ጨረቃ በሌለበትና መብራት በራቀበት ሌሊት ያለ መነጽር እንደ ጭስ ሆኖ የሚታየው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ድንቅነሽ በአፋር ምድር የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነውና፥ ያ ብርሃን ሲነሣ እርሷ ከሞተች ብዙ መቶ ሺህ ዓመታት አልፈው ነበር።

ይህን ሁሉ ለማየት የሚያስፈልገው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ጨለማ ነው። ስለዚህም እኛ፥ ከመምህራንና ከመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል ይህ ፍቅር ያለን ጥቂት ሰዎች፥ በመጸው ወራት ጨረቃ የማትወጣበትን ሌሊት መርጠን ወደ ዓይናለም እንወጣለን። ዓይናለም ከመቀሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለ ስፍራ ነው። ቃሉ ለጆሮ «የዓለም ዓይን» የሚል ይመስላል፤ በግዕዝም ዓይን ማለት የሚያይ ብልት ብቻ ሳይሆን የውሃ ምንጭም ነው። ከተማይቱም የምትጠጣውን ውሃ ለብዙ ዘመን በአብዛኛው ያገኘችው በዚያ ከተቈፈሩት ጕድጓዶች ነው። የከተማው መብራት በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን እንደ ንጋት ሰማዩን ያቀላዋል፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ግን ሌሊቱ ገና ሌሊት ነው። ስፍራው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዐሥራ ሦስት ዲግሪ ከግማሽ ያህል ስለ ሆነ፥ የሰሜኑ ኮከብ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ሲታይ፥ በስተ ደቡብም ለአውሮፓ ሰው የማይታየው አኬርናር የተባለው ኮከብ በዚያው ሰዓት ይወጣል።

በዚህ ማኅበር ውስጥ የተጻፈ ሕግ የለም፤ ነገር ግን ሁሉ የሚጠብቀው ሥርዓት አለ። የሰው ዓይን ጨለማን ፈጽሞ እስኪለምድ ከሃያ እስከ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው የእጅ ባትሪውን ድንገት ቢያበራ ግን ያ ትዕግሥት በቅጽበት ይጠፋል፤ የጠፋውም የእርሱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉት ሁሉ ነው። ስለዚህ ባትሪው በቀይ ስስ ወረቀት ይሸፈናል፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙ አይጐዳምና። ነጭ ብርሃን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ቢኖርም «ላብራ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያበራም። ብርድ ልብሱንና ጋቢውን ደርቦ ተራውን የሚጠብቀው ሰው፥ በመነጽሩ ፊት የቆመውን አይገፋም። በዚያ ሹምና ጸሐፊ፥ መምህርና ተማሪ በፊት አይለዩም፤ በድምፅ እንጂ።

ከእነዚህ ሌሊቶች በአንዱ፥ ከተማው ካለቀበት ወዲያ ባጨደው ማሳ ላይ ድንኳን እንድንተክል የፈቀዱልን አንድ ሽማግሌ መጥተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። «ልጆቼ፥ ከመብራት ሸሽታችሁ ምን ፍለጋ መጣችሁ? እኛ መብራቱ እስኪደርሰን እየጠበቅን ነው» አሉ። ከመካከላችን አንዱ መምህር «አቦይ፥ ከዋክብቱን ልናይ ነው፤ በመብራት መካከል አይታዩም» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም «ከዋክብቱስ ከልጅነቴ ጀምረው አልተለዩኝም፤ የልጅ ልጄ ግን ደብተሯን የምታይበት የላትም» አሉ።

ይህ ቃል ክርክሩን ሁሉ በአጭሩ የያዘ ነው። ሌላም የሚከብደው ምክንያት አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሥቶ፥ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በዚያም ዘመን መካከል መብራት፥ ስልክና ባንክ ለረዥም ጊዜ ተቋርጠው ነበር፤ መቀሌም ከዋናው የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር ተመልሳ የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ላይ ከዋክብት ከዓመት ዓመት ይልቅ ደምቀው መታየታቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን በሕሙም አልጋ አጠገብ ነግቶ ለማየት የሚጠብቅ ሰው «ሰማዩ እንዴት ያምራል» ሊል ይችላልን? ቢልስ ማን ይሰማዋል?

እንግዲህ በመጀመሪያ ልንለየው የሚገባን ይህን ነው፤ ጨለማ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንደኛው ሰው በፈቃዱ የሚገባበትና በፈቃዱ የሚወጣበት ነው፤ ሁለተኛው በላዩ የሚዘጋበት ነው። ጾምና ረኀብ ሁለቱም ከምግብ መራቅ ናቸው፤ ሆኖም ጾመኛውን የሚያከብር ሰው ስለ ረኀብተኛው ያለቅሳል። ጾመኛ ሰው ረኀብተኛውን «አንተም እንደ እኔ ነህ፤ ምን ጐደለህ?» ቢለው፥ ጾሙ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ስድብ ይሆንበታል። እንደዚሁም ጨለማን ለራሱ የመረጠ ሰው ለባልንጀራው ሊመርጥለት ሥልጣን የለውም። ድኻው በኵራዝ መኖሩን «የጥንቱ ሌሊት፥ ያልተበረዘ ሰማይ» እያለ የሚያደንቅ ሰው የውበት ወዳጅ አይደለም፤ በሌላው መከራ የሚደሰት ነው።

ይህን ከተቀበልን በኋላ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይቀራል። ለሽማግሌው ቤት መብራት ቢገባ፥ ከዋክብቱ የግድ ሊጠፉ ይገባልን? ብዙ ሰው አንዱ ሲመጣ ሌላው መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዓለም የሌሊት ሰማይ አትላስ እንዳስታወቀው፥ ከዓለም ሕዝብ መካከል ከመቶ ሰማንያው በላይ ሰው ሠራሽ ብርሃን ባጠቃው ሰማይ ሥር ይኖራል፤ ከሦስት ሰው አንዱም ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ስፍራ ሊያይ አይችልም። በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ፥ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፥ የአንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ጣቢያ በ2007 ዓ.ም. ቢመረቅም፥ የአዲስ አበባ ብርሃን ስለሚያስቸግር ለሌላ ትልቅ ጣቢያ በላሊበላ አካባቢ ያሉት ተራሮች እንዲጠኑ ሆኗል።

ነገር ግን ወደ ሰማይ የሚወጣው ብርሃን የትኛው ብርሃን ነው? ሕፃን የምታነብበት ነውን? አይደለም። መንገደኛ እንቅፋት የሚያይበት ነውን? እርሱም አይደለም። ማንም ሳይጠቀምበት ከመብራቱ ራስ በላይና በጐን የሚባክነው ነው። በአሜሪካ የፍላግስታፍ ከተማ ሹማምንት ይህን ተረድተው፥ እ.ኤ.አ. በ1958 ሰማዩን የሚጠርጉትን ትላልቅ የማስታወቂያ መብራቶች በሕግ ከለከሉ፤ ከተማውም ያለ መብራት አልቀረም። በመብራቱ ላይ ክዳን ቢደረግበት፥ ያው ኀይል ወደ ምድር ይመለሳል፤ መንገዱ ይበልጥ ይበራል፤ ሰማዩም ይተርፋል። ስለዚህ የሽማግሌው የልጅ ልጅና የከዋክብቱ ተመልካች ባለጋራዎች አይደሉም። የሁለቱም ባለጋራ ዓላማ የሌለው ብርሃን ነው።

በዚያ ሌሊትም ሽማግሌው ወደ መነጽሩ ቀርበው በሳተርን ዙሪያ ያለውን ቀለበት ካዩ በኋላ የተናገሩት ቃል «ልጅቱን ጥሯት፤ እርሷም ትይ» የሚል ነበር። መብራቱን የጠየቁላትም፥ ሰማዩን የፈለጉላትም ለአንዲቱ ልጅ ነው። እርሳቸው በሁለቱ መካከል ጠብ አላገኙም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከመብራት በላይ ይሄዳል ብለን እናምናለን። ሥልጣንም ብርሃን ነው፤ ዕውቀትም ብርሃን ነው። ጉዳዩ የተጓተተበትን ባለጉዳይ ፋይል የሚያሳይ ሥልጣን ወደ ታች የተመለሰ መብራት ነው፤ የባለሥልጣኑን ስም ብቻ የሚያደምቀው ግን ወደ ሰማይ የሚባክነው ነው። መምህርም ዕውቀቱን በተማሪው ዓይን ላይ በድንገት ቢያበራበት ያሳውረዋል እንጂ አያሳየውም፤ ዓይኑ እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ሊታገሠው ይገባል። በድንኳኑ አጠገብ «ላብራ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው፥ ብርሃን መልካም መሆኑን ስለ ካደ አይደለም የሚጠይቀው፤ መልካም ነገርም ቢሆን በሌላው ላይ ሲወርድ ፈቃዱን ይሻል ብሎ ስላመነ ነው። ይህ ትንሽ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ቢለመድ ብዙ ጉዳት በቀረ ነበር።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ሰው ለራሱ ጨለማን ቢሻ ይገባዋል፤ በሦስት ነገር ግን ይታሰራል። አንደኛ፥ ለባልንጀራው ጨለማን እንዳይመርጥ፤ ሁለተኛ፥ ባልንጀራው ብርሃን እንዲያገኝ ከከዋክብት ተመልካቹ አስቀድሞ የሚሟገት እርሱ እንዲሆን፤ ሦስተኛ፥ የእርሱን ብርሃን በሌላው ዓይን ላይ እንዳያበራ። እነዚህን የጠበቀ ሰው በሌሊት ሜዳ ቢያድር ከወገኑ አልሸሸም። ሕፃናት ሁሉ በየቤታቸው ደብተራቸውን የሚያዩበት መብራት ሲያገኙ፥ ከዚያም ወደ ደጅ ወጥተው ቀና ሲሉ ከዋክብቱን በስፍራቸው ሲያገኟቸው፥ ያን ጊዜ ብርሃንን በትክክል ተካፈልን እንላለን።