«ካለፈች ይበቃል»

ለአንድ ልጅ ምን ያህል ሲደረግለት ነው «ይበቃዋል» የሚባለው? «እኛስ ሰማንያ ሆነን አንድ ክፍል ታጉረን ተምረን የለ፣ ምን ቀረብን?» የሚል አይጠፋም። (ምን እንደቀረብንማ በምን እናውቃለን!)

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ሕግ፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ፣ ለእሱ በሚስማማው መንገድ ይማር አሉ። መሣሪያው ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ ነው። ልጁ ዛሬ ምን ይችላል፣ በዓመቱ የት ይድረስ፣ ለዚያስ ማን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ያግዘው የሚለው በስሙ ይጻፍለታል፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከለሳል። የሚጻፈው ለክፍሉ አይደለም፣ ለጉዳቱ ዓይነትም አይደለም፤ ለልጁ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ሁለት ልጆች ያው አንድ ወረቀት ከተሰጣቸው ቢያንስ አንዱ ተታሏል።

ሕጉ ግን «የሚስማማ» ያለውን ልኩን አልተናገረም። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ መስማት የተሳናት አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የማዳመጫ መሣሪያ ተሰጥቷታል፣ ከንፈር ታነባለች፣ ጎበዝም ናት። ወላጆቿ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ክፍል ውስጥ ይመደብላት ቢሉ ትምህርት ቤቱ እምቢ አለ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1982 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ወላጆች ተረቱ። ሕጉ ልጅቷ አቅሟ የፈቀደውን ያህል ሁሉ እንድትደርስ አያስገድድም፤ ከትምህርቱ እየተጠቀመች ከክፍል ክፍል ካለፈች ይበቃል፣ ነው ነገሩ።

እንግዲህ ፍረዱ። አስተማሪዋ ከሚናገረው ከፊሉ እያመለጣት ያለፈች ልጅ፣ ሁሉን ብታገኝ የት በደረሰች? የዳኞቹን ሐሳብ በደፈናው ማጣጣልም አይገባም። ገንዘብ ማለቂያ አለው፤ ለአንዷ የሚቀጠር አስተርጓሚ ለሌላው ያልተገዛ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ጉዳት የሌለበትን ልጅ እስከ አቅሙ ጣሪያ የሚያስተምረው ማነው? ክርክሩ ከባድ ነው። ለእኔ የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ያኛው ልጅ ባይጎብዝ እንኳ የተባለውን ይሰማል። እሷ ትርፍ አልጠየቀችም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2017፣ ኦቲዝም ያለበት የኮሎራዶ ልጅ ጉዳይ እዚያው ፍርድ ቤት ቀረበ። ዕቅዱ ላይ ግቦቹ ከዓመት ዓመት እየተገለበጡ ይጻፉ ነበር። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ፣ ከምንም በጥቂቱ ብቻ የሚሻል ጥቅም አይበቃም፣ ልጁ ከሁኔታው አንጻር ከፍ ያለ ግብ ይዞ መራመድ አለበት አሉ። የቀድሞውን ፍርድ አልሻሩትም፤ «ይበቃል» የተባለውን ልክ ግን ከፍ አደረጉት።

የሩቅ ወሬ ነው እንዳትሉ። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን በዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ወላጅ ከዕቅዱ አውጪዎች አንዱ ነው፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረውም አስተርጓሚ ይቀርብለታል። እኛ ግን «የኔታ ያውቃሉ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። መምህር ፊት ቃል መመለስ ነውር ይመስለናል፤ ወረቀቱ ሲቀርብ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መፈረም ጨዋነት ነው። ይህ ጨዋነት የማን ነው፣ ዕዳውስ የማን? ልጁ ቤት ውስጥ በአማርኛ ምን ምን እንደሚል፣ ምን ሲሰማ ጆሮውን እንደሚይዝ ከእናቱ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷ ዝም ካለች ዕቅዱ ያለዚያ ይጻፋል። የአምናውን ወረቀት ይዞ ሄዶ ከዘንድሮው ጋር ማስተያየት፣ ግቡ ያው ከሆነም «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የሚከለክል ሕግ የለም።