የአንድ ቀን ጨዋ

መኪናዬ በዓመት አንድ ቀን ጨዋ ትሆናለች። የቀሩትን ቀናት አትጠይቁኝ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የዛሬው ወሬዬ ስለ እነሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለችኝ አሮጌ የናፍታ ፒካፕ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተርቦ የሚባለው ዕቃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል ይሽከረከርና አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። የእኔዋ ተርቦ አርጅቶ ስለነበር መካኒኬ ከፍ ያለ ገጠመልኝ። «ጋሼ፣ ትልቅ ተርቦ ያለ ናፍታ ምን ያደርጋል?» ብሎም የፓምፑን ብሎን በካቻቪቴ ከፈት አደረገው። ከዚያማ ምኑ ይወራል! እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ!

ጉዱ የመጣው የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ነው። ትልቅ ተርቦ ተሽከርክሮ ጉልበት እስኪያገኝ ጊዜ ይፈጃል። ናፍታው ይቀድማል፣ አየሩ ይዘገያል፤ በቂ አየር ያላገኘ ናፍታ ደግሞ በወጉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። መኪናዋ በዜሮ ማርሽ ቆማ፣ ማርሚታዋ ውስጥ መለኪያ ገብቶ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ወደቀች።

መካኒኬ ሳቀ። «አያስቡ ጋሼ። ጠዋት ብሎኑን ዘጋ አደርግልዎታለሁ፣ ያልፋሉ። ከሰዓት መልሰን እንከፍተዋለን።» እንዳለውም ሆነ። ልብ በሉልኝ፤ ማንም አልዋሸም። መለኪያው ያየውን ተናገረ፣ መርማሪው ያነበበውን ጻፈ፣ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ታዲያ ውሸቱ የት ገባ?

በዚህ መንገድ የሄድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን በዓለም ዙሪያ በሸጣቸው 11 ሚሊዮን በሚሆኑ የናፍታ መኪኖች ውስጥ ተንኮል መኖሩ ታወቀ። የመኪናው ኮምፒዩተር ከመሪው አኳኋንና ከመሳሰለው ምርመራ ላይ መሆኑን ይለያል፤ ያን ጊዜ ጭሱን ያጠራል። መንገድ ሲወጣ ይተወዋል። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ሲለካ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ደርሶ ተገኘ። እነዚያ መሐንዲሶች በኮምፒዩተር የሠሩትን ነው የእኔ መካኒክ በካቻቪቴ የሠራው።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የሚያበሳጨኝ አንድ ዓይነት ተማሪ ነበር። ማስታወሻዬን ሌሊቱን ሸምድዶ «ኤ» ያገኛል፤ በሳምንቱ የልብ ወለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ ስም ብትጠይቁት አያውቀውም። እሱም ቢሆን አልሰረቀም፣ አልኮረጀም። ግን ፈተና ማለት ሁለት ሰዓት አይተን ስለ ዓመቱ የምንተማመንበት ስምምነት ነው። ለሁለቱ ሰዓት ብቻ የተዘጋጀ ሰው ስለ ዓመቱ ዋሽቷል። እኔም ስለዚያች ጠዋት አልዋሸሁም፤ የዋሸሁት ስለ ቀሩት ቀናት ነው።

ይህን ለመካኒኬ ብነግረው፣ «ኧረ ጋሼ! እነዚያን የጭነት መኪኖች አያዩም? የእርስዎ አንዲት ፒካፕ ምን ታመጣለች?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነዋ!

መልሱን ያገኘሁት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ነው። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ፣ ከሸክሙ ብዛት ጎብጣ፣ በመንገዱ ዳር ትወርዳለች። ላልፋት ስል ማርሽ ቀየርኩና ናፍታውን ረገጥኩት። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ባይ፣ በጥቁሩ ደመና መሀል፣ በአንድ እጇ የሸክሙን ገመድ እንደያዘች በሌላው በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍናለች። አልረገመችኝም። ቀናም ብላ አላየችኝ፤ ለምዳዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እሷ ግን ይህን ሳታነብም አፍንጫዋን መሸፈን ታውቃለች። በዚያች ደቂቃ የተነፈሰችው የጭነት መኪኖቹን ጭስ አልነበረም፤ የእኔን ነበር። «አንዲት ፒካፕ ምን ታመጣለች?» የሚለውን ጥያቄ ለእሷ ልጠይቃት እንዴት እችላለሁ?

በማግስቱ ጋራዥ ሄጄ፣ «ብሎኑን ዝጋው፤ እንደተዘጋም ይቅር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ዳገት ላይ እንዳይወቅሱኝ!»

አውሮፓውያን ከዚያ ቅሌት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ አዳዲስ መኪኖችን መንገድ ላይም መለካት ጀመሩ። ደግ አደረጉ። የእንጦጦ ዳገት ላይ ግን እስካሁን መለኪያ ይዞ የቆመኝ የለም፤ ያለኝ ስፖኪዮዬ ብቻ ነው። አሁን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ነው የምወጣው። ከኋላዬ ሚኒባሶች ጥሩንባ ይነፉብኛል፣ አንዳንዱም ይሰድበኛል። ካቻቪቴዋ ትዝ የምትለኝ ያኔ ነው፤ አልዋሻችሁም።