መንገዱ ሲያጥር በረከቱም ያጥራል?

ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለገና በእግሩ የሚመጣው ገበሬ ግን ነጠላውን አጣፍቶ፣ በሶውን ቋጥሮ ስንት ቀን ዳገት ቁልቁለቱን ይገፋል። ታዲያ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ተሳልሟል ይባላል? ይባላል ባይ ነኝ። በትውፊት እንደሚነገረው ላሊበላ ራሱ የታነጸው ኢየሩሳሌም ለራቀበት ምእመን መንገድ ለማሳጠር ነውና፤ ቤተ ጎልጎታም፣ ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝም እዚያው አሉ።

«ድካም የሌለበት ጉዞ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ እግረኛው በየዳገቱ ልቡን ያዘጋጃል፣ ይህን አውሮፕላን አይሰጥም። ግን ጉልበት የከዳቸውን እናት ከደጁ ማን ይከለክላቸዋል? በአየር የምንሄድ ሁሉ የተረፈንን ጊዜ ለንስሐና ለጸሎት እናውለው፤ በአገሩ ልማድም ጎንበስ ብለን የዚያን እግረኛ እግር እንጠብ።