«በነፃ» እና «ነፃ»

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ብዙ ሚሊዮን ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን አረጁ። ከዋዜማው ማታ ሲዘጉ ይሠሩ ነበር፤ በማግስቱ ሲከፈቱም ሠሩ። ስክሪናቸው አልተሰነጠቀም፣ ኪቦርዳቸው አልተነቀለም። የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የፈለገ ደግሞ ማሽኑ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው፣ በቃ፣ አዲስ ይግዛ።

እንግዲህ ልጠይቅ። አንድ ዕቃ «አርጅቷል» የሚለው ማን ነው? ዕቃው የእኔ ከሆነ፣ የመሞቻ ቀኑን ሌላ ሰው የሚቆርጥልኝ በምን መብት ነው?

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ያብሰለሰለኝ ንፋስ መውጫ ነው። እዚያ አይሲቲ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። አንድ ክረምት፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚያች ብርዳም ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ የተደረደሩ አሮጌ ዴስክቶፖችን አብረን ስናስነሳ ከረምን። አንዳንዶቹ ራማቸው 1 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ጥቂቶቹ ጭራሽ 32 ቢት ናቸው። አንዱን ስናበራው «ፒፕ ፒፕ» ብሎ ዝም አለ። ራሙን ነቅለን እግሮቹን በላጲስ ጠረግናቸውና መልሰን ስንሰካው ተነሳ። የሌላው ማዘርቦርድ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ሞታለች፤ ስለዚህ በተከፈተ ቁጥር 2009 ነው ይላል። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ተባብለን ሳቅን። ግን ነገሩ የሳቅ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን የማያውቅ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን የደህንነት ሰርተፊኬት ስለማያምን ኢንተርኔት ቢኖርም አብዛኛውን ገጽ አይከፍትም። ባትሪዋ ስትቀየር ግን ወደ ዘመኑ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። አንቲኤክስ የተባለውን ቀላል ሊኑክስ ፍላሽ ላይ አዘጋጅተናል። ፍላሹን ሰክተን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቡት ሜኑውን ከፍተን፣ ከሃርድ ዲስኩ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲጀምር እናዘዋለን። ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ እዚያው ፍላሹ ላይ ይሠራል፤ ከወደድነው እንጭነዋለን። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም። ይሄ ለከተሜ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በነሐሴ 2013 በጦርነቱ ለቀናት ተይዛ ተቋማቷ ለተዘረፉባት፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከክልሉ ጋር የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ለተቋረጠባት ከተማ ግን ትንሽ አይደለም። መረቡ ሲዘጋ በኪስ የገባ ፍላሽ በአውቶቡስ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጓደኞቼ የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፦ «ዊንዶውስም እኮ እኛ ዘንድ በነፃ ነው፤ ማን ከፍሎ ያውቃል?» እውነት ነው። ክራኩም የሚመጣው በዚያው ፍላሽ ነው። ስለዚህ የፈረንጅ ጸሐፊዎች ሊኑክስን ሲያወድሱ የሚጠሩት የዋጋ ጉዳይ እኛ አገር ማንንም አያሳምንም።

ግን አማርኛ ራሱ መልሱን አስቀምጦልናል፤ አንዲት «በ» ናት ልዩነቱ። «በነፃ» ያልተከፈለበት ነው። «ነፃ» ደግሞ ጌታ የሌለበት። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በነፃ ነው እንጂ ነፃ አይደለም። ክራኩን ለመጫን መጀመሪያ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይባላል፤ ማለትም ቤት ለመግባት ዘበኛውን ማሰናበት ግድ ነው። ከዚያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ይመጣል፣ ከዚያ «ፎርማት አድርግልኝ» ይከተላል። ስርቆት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ልተወውና፣ በሰው ዕቃ ተደብቆ መኖር ሰውን ለማኝ ያደርገዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 የሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን ሲለቅ፣ የሰጡን ነገር ኮዱን ብቻ አይደለም። የማየት፣ የመቀየር፣ ለሌላ የመስጠት ፈቃድም ነው። ሊኑክስም ቢሆን አሮጌውን ይተዋል፤ እሱን አልደብቅም። ቶርቫልድስ ሥራውን የጀመረበትን 386 ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2012 ከከርነሉ አስወጥተውታል። ዴቢያን 13 በነሐሴ 2017 ሲወጣ ለ32 ቢት ማሽኖች መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል። ልዩነቱ እነሱ ሲደክሙ በሩን ቆልፈው አለመሄዳቸው ነው። የፈለገ ገብቶ ይቀጥላል።

ከዚህ የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰልባጅ ልብስ፣ ሰልባጅ ኮምፒውተር፣ ለገጠር ልጅ ሁልጊዜ የተረፈው ነው እንዴ የሚደርሰው? ከመኪና የተጣለ ጎማ በረባሶ ሆኖ ዓመታት እንደሚያገለግል እናውቃለን። ምናለሽ ተራ የተጣለው ብረት ምጣድና ምድጃ ሲሆን አይተናል። ይሄ ጥበብ ነው፣ የሚያኮራም ነው። ግን በረባሶ የሚያደርግ ገበሬ ጫማ አይገባውም የሚል የለም። «የሚበቃ» ሌላ ነው፣ «የሚገባ» ሌላ። አሮጌን ማሽን ማስነሳት ለዛሬ የሚበቃውን ይሰጣል፤ የሚገባውን ግን አይተካም። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው ፈተናው ላይ የሆነ ልጅ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር እኩል ተፈተነ ሊባል አይችልም። አሮጌው ዴስክቶፕ ያንን ልጅ ከፈተናው በፊት ማውስ ያስይዘዋል፤ ይሄ የሚናቅ አይደለም። «አላችሁ አይደል እንዴ» ለማለት ምክንያት ከሆነ ግን ውለታው ወደ በደል ይዞራል።

ታዲያ ስጦታን ከማራገፍ በምን እንለየዋለን? እኔ የያዝኩት መለኪያ አንድ ነው፦ ተቀባዩ ሊከፍተው፣ ሊቀይረው፣ ሊያጠፋውም ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አስቀመጠ። ድርጅቱ በኋላ እንደተናገረው የታብሌቶቹ ካሜራ ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ግን በወራት ውስጥ መክፈቻውን አገኙት። ዓለም በልጆቹ ብልህነት ተገረመ። እኔን ያስገረመኝ ደግሞ ካሜራው መዘጋቱ ነው። «ያንተ ነው» ተብሎ በተሰጠ ዕቃ ውስጥ አንድ ክፍል ተቆልፎ ነበር።

ጓደኛዬ ለተማሪዎቹ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ሰጥቷቸዋል። «ቢያበላሹትስ?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። «ያበላሹት። ፍላሹ አለ፣ እንደገና እንጭነዋለን። ሁለተኛውን ጊዜ እነሱ ይጫኑት።»